ፈረንጅ አራዳ ላለው የላብራቶሪ ልጅ ምስጋና አለኝ

ሰላም የጅማ ሰዎች፣ እኔ እዚህ ብቅ የምለው ብዙ ጊዜ ለማማረር ነው ዛሬ ግን ላመሰግን ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ትንሽዬ ክሊኒክ ውስጥ የሚሰራ የላብራቶሪ ልጅ አለ፣ ፈቃዱን ስላልጠየኩት ስሙን አልጽፍም፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያርገኝ።

ከጥቂት አመት በፊት አዲስ አበባ የፒቱታሪ እጢ (አንጎል ስር ያለች ሆርሞን የምታዝ እጢ) ኦፕራሲዮን ተደርጌ ከዛ ወዲህ ሰውነቴ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) በደንብ ስለማያመርት በየ3 ሳምንቱ መርፌ እወጋለሁ። ለጡንቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቦርጬን ያየ ያውቃል ሃሃ።

ረመዳን ላይ ራሴን ያመኝ፣ ፊቴ ይቀላ፣ ይደክመኝ ጀመር። እማ ደም አንሶህ ነው ብላ በየማፍጠሪያው ቀይ ስር ታቀርባለች፣ እኔ አይረን ክኒን ጨመርኩበት። አንድ ቦታ ሄጄ ስመረመር ወረቀቱን አየት አርገው "ደምህ በዝቷል" ብለው ሸኙኝ። እንግዲህ ለኛ ደም ብዛት ማለት ግፊት ነው አይደል፣ እማ በዛኑ ማታ ጨው ከቤት አጠፋች፣ ጨው የሌለው ሾርባ ለጠላትም አይስጥ።

ግፊቴን ስለካ ደህና ነው። ግራ ገብቶኝ እዚህ ልጅ ጋ ሄድኩ። ሲቢሲውን (የደም ሴል ቆጠራውን) ሰርቶ ወረቀቱን ብቻ አልሰጠኝም፣ ወደ ጥግ ወስዶኝ ድምጹን ቀንሶ "ጋሼ የሚወስዱት መድሃኒት አለ?" አለኝ። እያፈርኩ ነገርኩት። "ይሄ ግፊት አይደለም፣ የበዛው ቀይ የደም ሴልዎ ነው፣ ሄማቶክሪትዎ፣ ማለት ቀይ ሴሉ ከደምዎ የሚይዘው ድርሻ፣ 56 በመቶ ነው፣ ቴስቶስትሮን መቅኔውን ቀይ ሴል አብዝቶ እንዲያመርት ያደርገዋል ደሙም ይወፍራል" አለኝ። ግን ጾመኛ ስለሆኑ የውሃ ማነስም ቁጥሩን ያወጣዋል ሱሁር ላይ በደንብ ጠጥተው ነገ በጠዋት ይምጡ አለና በነጋታው ደግሞ ሰራልኝ፣ 55። የሁለተኛውን ብር እምቢ አለ። በቃ ደም ልለግስ ልሂዳ ስለው "በራስዎ እንዳይወስኑ፣ ዛሬውኑ ለሀኪምዎ ይደውሉ" ብሎ ቆጣ አለብኝ።

ሀኪሜም ከ54 ካለፈ መርፌው ይቆማል ብሎ አስቆመኝ፣ አይረኑንም። ታንኮራፋለህ ወይ፣ ታጨሳለህ ወይ ብሎም ጠየቀኝ፣ ለካ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ማንኮራፋትና ሲጋራም ቀይ ሴል ይጨምራሉ። ቀይ ሴል ወደ 4 ወር ስለሚቆይ ቶሎ አልወረደም፣ ሲወርድ ግን መጠኑን ቀንሶ ቀኑን አቀራርቦ መልሶ ጀመረልኝ፣ አሁን 48 ነኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ መርፌውን ከጀመርኩ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ከዛም በየአመቱ ሲቢሲ ተመርመር ተብዬ ነበር፣ 2 አመት ዘለልኩ።

እና ይሄን መርፌ የምትወጉ (እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አትደብቁ) እሱ ጋ ሂዱ። ጠዋት 2 ሰአት ድረሱ፣ ከ4 ሰአት በኋላ ወረፋው አይቻልም።