የቀመር አካል ወይስ የቮክሰል አካል?
በኑክሌር ሕክምና የታካሚን የጨረር መጠን ለመገመት የቆየው የቀመር ሞዴል ነው፤ ጉበትም ኩላሊትም በሞላላና በሲሊንደር ቀመር ይሳላሉ። ስሌቱ ፈጣን ነው፤ ግን አካላቱ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ የሚሻገረውን ጨረር ሊያሳንስ ይችላል። የቮክሰል ሞዴል ከሲቲ ምስል የተሠራ ነው፤ አካሉን ቮክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ሳጥኖች ይገነባል። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የወንድ ሞዴል ቁራጭ ግን 8 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ቀጭን ቆዳን በትክክል አይዝም።

ምርጫችን ቮክሰል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከደሴ ዙሪያ 60 ግራም እንቅርት ይዛ የመጣች ሴት አለች እንበል፤ በኮሚሽኑ የሴት ሞዴል ውስጥ ግን ታይሮይድ (እንቅርት የሚያብጠው የአንገት እጢ) 17 ግራም ነው። በአዮዲን 131 (ጨረር አመንጪ አዮዲን) እጢው የሚያገኘው መጠን በአብዛኛው ከቤታ፣ ማለትም እዚያው እጢው ውስጥ ከሚቀር አጭር ተጓዥ ጨረር ስለሆነ፣ ውጤቱን በ17/60፣ ማለትም በ0.28 ገደማ ማባዛት ግድ ነው። ይህ ከተዘለለ መጠኑ ሦስት ተኩል እጥፍ ገንኖ ይነበባል፤ ለሕክምናው የሚታዘዘውም አዮዲን ያንሳል።