ለወንድምና እህት የጋራ ክፍል የተገዛ ተነጣጣይ ተደራራቢ አልጋ፦ ከዓመት በላይ ከተጠቀምንበት በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከጣውላ የተሠራና ሲፈለግ ለሁለት ነጠላ አልጋ የሚነጣጠል ተደራራቢ አልጋን ነው። ከሥሩ ሁለት መሳቢያዎች አሉት፤ ለታችኛው አልጋ ደግሞ መጋረጃ የሚንጠለጠልበት ዘንግ አብሮት ይመጣል። ቤታችን ከገባ ዓመት አልፎታል። ላይ የምትተኛው ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ልጄ ስትሆን፣ ታች የሚተኛው ከእሷ በሦስት ዓመት የሚያንሰው ወንድሟ ነው። ክፍሉ 3 ሜትር በ3.40 ሜትር ነው። ስለ እንጨቱ ጥራት የምለው ጥቂት ነው፤ በይበልጥ የማተኩረው አልጋው ወንድና ሴት ልጅ በሚጋሩት ክፍል ውስጥ የትኛውን ችግር እንዳቃለለና የትኛውን አዲስ ችግር ይዞ እንደመጣ ላይ ነው።

ቦታ ይቆጥባል የሚባለው እውነት ነው። አልጋው 97 ሴንቲ ሜትር ወርድና 207 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስላለው ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ሁለት ነጠላ አልጋ ቢዘረጋ ኖሮ ከአሥር ካሬ ሜትሩ አራቱ ለመኝታ ብቻ ይውል ነበር። የተረፈው ቦታ በመስኮቱ ሥር ሁለቱም ጎን ለጎን የሚያጠኑባቸው ሁለት ጠረጴዛዎች ማስቀመጫ ሆኗል። ሆኖም መሳቢያዎቹ ሙሉ በሙሉ ተስበው እንዲወጡ ከአልጋው ፊት ለፊት ሰፋ ያለ ወለል ምንጊዜም ባዶ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ተቆጠበ ከተባለው ቦታ ላይ ጥቂቱ ተመልሶ ይሄዳል። ክፍሉን የሚለካ ሰው አልጋውን ብቻ ሳይሆን የተከፈተውን መሳቢያ ጨምሮ ቢለካ ይሻለዋል።

ላይኛውን አልጋ ማን ይያዝ የሚለው ጭቅጭቅ እኛ ቤት ብዙ አልቆየም፤ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ እንዳይተኛ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የደኅንነት ደንቦች ስለሚመከር፣ ትንሹም በዚያን ጊዜ ስድስት ስላልሞላው፣ ነገሩ በዕድሜ ተቆረጠ። ከዕድሜው ይልቅ ብዙ ገዢ ሳያስተውል የሚያልፈው የፍራሹን ውፍረት ነው። በእኛ አልጋ ላይ የላይኛው መከለያ ፍራሹ ከሚያርፍበት የእንጨት ርብራብ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የአውሮፓው የተደራራቢ አልጋ መስፈርት ከፍራሹ ገጽ በላይ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር መከለያ እንዲተርፍ ስለሚጠይቅ፣ ከ14 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ፍራሽ እዚያ ላይ አይገባም ማለት ነው። ለልጄ ይመቻታል ብሎ 20 ሴንቲ ሜትር ፍራሽ የሚያነጥፍ ወላጅ የመከለያውን ጥቅም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሳያውቀው ይቀንሰዋል። መከለያው በግድግዳው በኩልም ሙሉ መሆን አለበት፤ ግድግዳው ራሱ ይከልላል የሚለው አስተሳሰብ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም አልጋው ከግድግዳው ጥቂት በሸሸ ቁጥር ልጅ ሊሰረጉድበት የሚችል ክፍተት ይፈጠራል። የእኛው በሁለቱም ወገን መከለያ ስላለው በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ። ሁለቱ አልጋዎች የሚቆሙት በተመሳሳይ አራት ቋሚዎች ላይ ስለሆነ አንደኛው ልጅ ሲንቀሳቀስ ሌላኛው ይሰማዋል። መንታ ለሆኑ ወይም በአንድ ሰዓት ለሚተኙ ልጆች ይህ ያን ያህል ላያስቸግር ይችላል፤ የሦስት ዓመት ልዩነት ባላቸው ልጆች መካከል ግን በየምሽቱ የሚታይ ነገር ነው። ትንሹ ቀደም ብሎ ይተኛል፤ እህቱ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ደግሞ የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን እንደረገጠች አልጋው በሙሉ ወደ መሰላሉ ወገን ትንሽ ዘንበል ይልና ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በዚህች ቅጽበት ስንት ጊዜ ከእንቅልፉ እንደነቃ አልቆጠርኩም፤ ነገር ግን ምሽታችንን በሙሉ የሚወስነው እሱ ሆኖ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው፣ አልጋውን በሁለት የብረት ማያያዣዎች ከግድግዳው ጋር በብሎን ማሰር ነበር፤ ይህ ዘንበል ማለቱን ከሞላ ጎደል አስቀርቶታል፤ ለደኅንነትም ቢሆን የሚመከር ነው። ማያያዣዎቹ ግን ከአልጋው ጋር አይመጡም፤ በእኔ አስተያየት መምጣት ነበረባቸው። ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ትልቋ አሁን ወንድሟ ሲተኛ አብራው ወደ አልጋዋ ትወጣለች፤ ተኚ ስላልተባለች ግን አትከፋም፤ በራስጌዋ ባለመቆንጠጫ ትንሽ መብራት ስላላት እስክትተኛ ታነባለች። መብራቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ደብዛዛ ብርሃን ያለውና ወደ ግድግዳው የሚዞር ስለሆነ ወደ ታች አይወርድም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለባቸው ይገልጻል፤ ይህ ሰፊ ክልል ስለሆነ በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ልጆች የተለያየ ሰዓት ቢተኙ ምንም ስሕተት የለበትም፤ የግድ አንድ ላይ መሆን ያለበት ወደ አልጋ የሚወጡበት ሰዓት ብቻ ነው።

መጋረጃው ለእኔ ከአልጋው ሁሉ የላቀ ክፍል ሆኖብኛል። ስገዛው ለትንሹ መጫወቻ ይሆናል ከማለት ሌላ ብዙም ግምት አልሰጠሁትም ነበር። አሁን ግን ልብስ መቀየሪያ የሚሆነው እሱ ነው፤ ጠዋት አንደኛው ከመጋረጃው ውስጥ ሲለብስ ሌላኛው ከቁም ሳጥኑ ጎን ሆኖ ይለብሳል፤ ማንም ማንንም ውጣልኝ አይልም። ልጅቷ ታች ገብታ መጋረጃውን ስትስብ ወንድሟ አልጋዬ ነው ብሎ መቆጣቱ ግን አልቀረም፤ በመጨረሻም «የተዘጋ መጋረጃ ሳይጠየቅ አይከፈትም፤ ባለቤቱ ሲጠየቅ ግን ያበድራል» የሚል ደንብ ራሳቸው አወጡ። ደንቡን ከሚያፈርሱት መካከል ግንባር ቀደሟ እኔ ነኝ፤ ልብስ ለመሰብሰብ ስገባ ሁልጊዜ እገሠጻለሁ። ጨርቁን በተመለከተ፣ አብሮት የመጣው ወፍራምና አየር የማያስገባ ስለነበር በስስ ጥጥ ቀየርኩት። መጋረጃው በቀለበት ዘንጉ ላይ የሚንሸራተት እንጂ በገመድ የሚሳብ ባይሆን ይመረጣል፤ ልጆች በሚተኙበት አልጋ ላይ ገመድ፣ ቀበቶ ወይም ሻርፕ መንጠልጠል ለመታነቅ አደጋ ያጋልጣል። በዚሁ ምክንያት ትልቋ ከመከለያው ላይ በገመድ አሥራ ወደ ታች የምታወርደውን ቅርጫት ከልክያታለሁ፤ እስካሁንም አልተስማማንበትም።

ላይኛው አልጋ መጋረጃ የለውም፤ እንዲኖረውም አልፈልግም። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በሞቃት ሌሊት እላይ ያለው ሙቀት ከታችኛው ጋር ሲነጻጸር ግልጽ ልዩነት አለው፤ ልጅቷም ብርድ ልብሷን ወደ ግርጌ ገፍታ በአንሶላ ብቻ የምታድርባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ከፍራሹ ገጽ እስከ ጣሪያው 120 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚቀር እሷ እንደልቧ ትቀመጣለች። ታች ግን በፍራሹና በላይኛው ርብራብ መካከል ያለው 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለትንሹ ይበቃዋል፤ ተረት ለማንበብ ጎኑ የምቀመጠው እኔ ግን ጎንበስ ካላልኩ አናቴ ርብራቡን ይመታል። ስለዚህ ከወለሉ ላይ ትራስ አድርጌ እቀመጣለሁ።

አልጋ የሚያነጥፉ ሰዎች ሳይጠየቁ የሚያማርሩት ሌላው ነገር የላይኛው አንሶላ ነው። ባለላስቲክ አንሶላ ካልሆነ በቀር የግድግዳውን ወገን ማስገባት ጣትን ያደማል። ርብራቡ ላይ መንበርከክ ስለማልፈልግ አንሶላውን የምቀይረው መሰላሉ ላይ ቆሜ በአንድ እጄ ነው፤ ይህ ሥራ ወደ ልጅቷ የሚተላለፍበትን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ስለ ጥንካሬው በአጭሩ፦ እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ቫርኒሹም አልተላጠም፤ ከመሰላሉ እርከኖች በቀር ጭረት አይታይበትም። ብሎኖቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ላሉ፤ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይህ የሚጠበቅ ነው። አብሮት የመጣውን ባለስድስት ጎን ቁልፍ በመሳቢያው ጥግ አስቀምጬ በየጊዜው አጠብቃቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የሚሰማው መንቋቋት ከብሎኖቹ ሳይሆን የርብራቡ ጫፎች ከተቀመጡበት ጣውላ ጋር ሲፋተጉ የሚመጣ መሆኑን ደረስኩበት፤ ጫፎቹን በሻማ ስቀባቸው ድምፁ ጠፋ፤ ሲመለስም እንደገና እቀባለሁ። መሳቢያዎቹ ተሽከርካሪ የላቸውም፤ ወለሉን ይጭራሉ። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ መሆኑ ግን ሌላ ዕቃ የማይፈታውን ክርክር ዘግቷል።

አልጋው ተነጣጣይ መሆኑ ወደፊት የሚያስፈልግ ነገር ነው። ወንድና ሴት ልጅ እስከ ስንት ዓመት አንድ ክፍል ይጋሩ ለሚለው ጥያቄ በሁሉም ቦታ የሚሠራ መልስ የለም። ለአብነት በእንግሊዝ የ1985ቱ የቤቶች ሕግ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ጥንዶች ያልሆኑ ሁለት የተለያየ ፆታ ያላቸው ሰዎች በአንድ ክፍል ለመተኛት ከተገደዱ ቤቱን እንደተጨናነቀ ይቆጥረዋል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማየው የልጅቷን ሁኔታ ነው፤ በቅርቡ ጠረጴዛዋን ከወንድሟ ጠረጴዛ ጥቂት እንዳርቅላት ጠይቃኛለች። ጊዜው ሲደርስ የላይኛውን አልጋ ወደ ሌላ ክፍል ለማዛወር አስቤያለሁ፤ ለሙከራ አንድ ጊዜ ነጣጥዬው ነበር፤ ለሁለት ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሲነጠል ሁለቱም አልጋ በራሱ እግር ይቆማል፤ ነገር ግን የላይኛው እግሮች አጭር ስለሆኑ መሳቢያ ከሥሩ አይገባም፤ መከለያውን የሚያነሳ ሰው ደግሞ የብሎን ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ይቀሩበታል፤ መድፈኛ ክዳንም አልተሰጠንም። ስለዚህ ሁለቱም መሳቢያዎች ከልጁ አልጋ ሥር ይቀራሉ፤ ከአሁኑ የእሷን ዕቃ የሚይዝ ሌላ ሣጥን እየፈለግሁ ነው።