አንፔይዎል፦ ጥናት ፍለጋ ወጥቶ «ክፈል» ለተባለ ሁሉ

ቴሲስ የጻፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። የምትፈልጉት ጥናት ርዕሱ ይወጣል፣ አብስትራክቱም ይነበባል። ዋናውን ልክፈት ስትሉ ግን ከ30 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ዶላሩ ቢገኝስ ኦንላይን የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? ብዙው ሰው እዚያው ይተወዋል፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ፈልጎ «እስቲ ይቺን ፒዲኤፍ አውርደህ ላክልኝ» ይላል።

አንፔይዎል ለዚህ ችግር የተሠራ ትንሽ የብራውዘር ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም ነው። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ይጫናል። ዋጋ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ የሚል ጣጣም የለበትም። ሄዘር ፒወዋርና ጄሰን ፕሪም ናቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ድርጅታቸውም ለትርፍ የቆመ አይደለም። የአንድ ጥናት ገጽ ስትከፍቱ በስተቀኝ በኩል ትንሽ ጓጉንቸር ብቅ ትላለች። አረንጓዴ ከሆነች ጫን አድርጓት፣ ሙሉ ጽሑፉ ይመጣል። ግራጫ ከሆነች ነጻ ቅጂ አላገኘችም ማለት ነው። አጠቃቀሙ ይኸው ነው።

«የተሰረቀ ነገር ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይደለም። ያለ አሳታሚዎች ፈቃድ ጥናት የሚያሰራጨው ሳይሀብ የተባለው ድረ ገጽ ሌላ ጉዳይ ነው። አንፔይዎል የሚያመጣው አሳታሚው ራሱ የከፈተውን ወይም ተመራማሪው በዩኒቨርሲቲ ሪፖዚተሪ (ጥናቶች ኦንላይን በሚቀመጡበት ማኅደር) እና በመሳሰሉት ቦታዎች ያስቀመጠውን ነው። ሪሰርችጌት በተባለው የተመራማሪዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የተጫነውን እንኳ አይቆጥርም፤ እዚያ ያለው ነገር ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ስላልሆነ።

ነገሩን ስትጠቀሙበት ግን የሚያናድድ ነገር ይገለጥላችኋል። ጥናቱን የሠራው ሰው ከጆርናሉ ክፍያ አላገኘም። ገምግሞ ያስተካከለውም ባለሙያ በአብዛኛው በነጻ ነው የሠራው። የጥናቱ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ወይም ከእርዳታ ድርጅት የመጣ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ተመራማሪው አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው ፈርሞ ያስረክባል፣ ከዚያ የገዛ ጽሑፉን የታተመ ቅጂ ድረ ገጹ ላይ ለመለጠፍ እንኳ ፈቃድ የሚያስፈልገው ይሆናል። የበይ ተመልካች ማለት ይሄ ነው። ደግነቱ ብዙ አሳታሚዎች ተገምግሞ ተቀባይነት ያገኘውን፣ ግን ገና በጆርናሉ መልክ ያልተቀናበረውን ጽሑፍ ሪፖዚተሪ ላይ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዴ ወዲያው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ወራት ካለፉ በኋላ። ጓጉንቸሯ ከምታገኛቸው አንዱ ክፍል ይሄ ነው። ስለዚህ አንድ ምክር፦ እንዲህ ያለውን ቅጂ ስታነቡ የገጽ ቁጥሩ ከታተመው ጋር አይገጥምም፣ ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ። አድቫይዘራችሁ ይህን ለማየት ዓይኑ ፈጣን ነው።

ምን ያህል ጊዜ ይሠራል? ሠሪዎቹ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ተጠቃሚዎች ከከፈቷቸው ጽሑፎች 47 በመቶው ነጻ ቅጂ ነበራቸው። አዲስ ጽሑፍ ላይ ይቀናዋል፣ የቆየ ላይ ይደክማል። ለምሳሌ በ2014 የወጣው የጤፍ ጂኖም ጥናት ቢኤምሲ ጂኖሚክስ በተባለ ነጻ ጆርናል ላይ ስለሆነ ድሮውንም ክፍት ነው፣ ማንም ያነበዋል። በሌላ በኩል የሐዳርን ግኝቶች ለዓለም ያስተዋወቀው የ1976ቱ የኔቸር ጆርናል ጽሑፍ አሁንም የሚሸጥ ነው። ሉሲ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ናት፤ ስለ መገኛዋ የተጻፈውን ለማንበብ ግን ለአሳታሚው መክፈል አለብን። ለዚህ ኤክስቴንሽኑን አልወቅሰውም። ያልተቀመጠ ነገር ከየት ያምጣ?

«ታዲያ ሁሉም ክፍት አድርጎ አያሳትምም?» ቢባል፣ እዚያም ሒሳብ አለ። አንባቢው የማይከፍለውን ደራሲው እንዲከፍል የሚያደርጉ ጆርናሎች ሞልተዋል። ኔቸር በ2021 ይህን አማራጭ ሲጀምር ለአንድ ጽሑፍ የጠየቀው 9,500 ዩሮ ነበር። እንደኛ ላሉ አገሮች ክፍያውን የሚምሩ አሳታሚዎች አሉ፣ ግን ጽሑፉን ስትልኩ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ድክመቱ። ከአምስት አራት ኮከብ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው። ኤክስቴንሽኑ የሚሠራው በዲኦአይ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ በሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከሌለ ጓጉንቸሯ ጭራሽ ብቅ አትልም። የአገራችን ጆርናሎች የቆዩ እትሞች ደግሞ ብዙዎቹ ቁጥር የላቸውም። ስለ መስኖ፣ ስለ ወባ፣ ስለ አማርኛ ሰዋስው የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጦ አንፔይዎል ግን አያየውም። ለእነዚህ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ በቀጥታ ግቡ። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ የኢትዮጵያ ጆርናሎችም በርካታ አሉበት፣ ከነዚህም የጅማው የጤና ሳይንስ ጆርናል አንዱ ነው።

የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎቻችንስ? በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሚሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ወረቀቱ ላይ ያምራል። እኔ የምፈልገው አንድ ቴሲስ ግን አሁንም የአንድ ዲፓርትመንት መደርደሪያ ላይ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ተቀምጧል፣ ለማንበብ በአካል መሄድ ነው። ይህንን ምንም ዓይነት ኤክስቴንሽን አይከፍተውም።

ተማሪ ወይም መምህር ከሆናችሁ ደግሞ ግራጫ ስታዩ ተስፋ አትቁረጡ። የላይብረሪ ሠራተኞችን ስለ ሪሰርችፎርላይፍ፣ ማለትም ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ ስለሚከፍተው ፕሮግራም ጠይቁ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት፣ ተቋሙ ከተመዘገበ ይለፍ ቃሉ አላቸው። ተመርቃችሁ ስትወጡ ግን መግቢያው ይቀራል። ወረዳ ላይ ያለ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ፣ እንዲሁ ለማወቅ የሚያነብ ሰው፣ አንፔይዎል ይበልጥ የሚጠቅመው ለእነዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይጭንም፣ አብዛኞቻችን ደግሞ የምናነበው በስልክ ነው። እዚያ ላይ የሚያዋጣው የጽሑፉን ርዕስ ጎግል ስኮላር ላይ ለጥፎ መፈለግ ነው። ከርዕሱ አጠገብ የፒዲኤፍ ሊንክ ከሌለ ከሥር «All versions» (ሁሉም ቅጂዎች) የሚለውን ክፈቱ፤ አንዳንዴ የደራሲው ዩኒቨርሲቲ ያስቀመጠው እዚያ ውስጥ ይገኛል። እሱም ካልሆነ ለደራሲው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፉለት፤ ብዙዎቹ ይልካሉ።