ከትንሿ ቶርኖዬ ጋር ስምንት ወር

ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የእንጨት ቶርኖ ናት፤ እንጨቱን እያዞረች በመሮ ክብ ቅርጽ የሚወጣለት ማሽን። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ታዞራለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እሷን ስረግም ነው ያለፉት። መሮው ድንገት እንጨቱ ውስጥ ይሰነቀርና ጓ! ይላል። ክው እላለሁ። ሳህን ሊሆን የነበረው እንጨት ተፈናጥሮ ግድግዳ ይመታል። ፊቴን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ባላደርግ ምን እሆን ነበር? ሞተሩ ደካማ ነው፣ የሚዞረውን ዘንግ የሚይዘው ኩሽኔታ ላልቷል እያልኩ ልመልሳት ሁሉ አስቤ ነበር።

ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። መሮዎቼ ደነዝ ነበሩ። አዲስ መሮ የተሳለ ይመስላል እንጂ ገና ስለት አልወጣለትም። ሞላ፣ ማለትም በሞተር የሚዞር መሳያ ድንጋይ ገዝቼ፣ የስለቱን ማዕዘን የሚጠብቅ መያዣ ካበጀሁለት በኋላ ማሽን የቀየርኩ መሰለኝ። አሁን ሳህን ስሠራ በየአስር፣ አሥራ አምስት ደቂቃው ሄጄ ሞላውን አስነካዋለሁ። ያኔ እንጨቱ አቧራ መሆኑን ትቶ እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወርዳል። ድምፁም ሽሽሽ ይላል። ይሄን ድምፅ ልስማ ብዬ ብቻ የማይረባ ጉማጅ ቶርኖዋ ላይ አስሬ ያመሸሁበት ቀን አለ።

አያያዙም ብልሃት አለው። መጀመሪያ እንጨቱን የሚነካው ከስለቱ በስተኋላ ያለው ዘቅዛቃ ገጽ ነው። ከዚያ እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ስታነሱት ስለቱ መብላት ይጀምራል። ጫፉን ካስቀደማችሁ ያው ጓ! ነው።

እርጥብ እንጨት ለመቅረጽ ደስ ይላል፤ ውሃው ፊት ላይ ይረጫል። ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ክቡ ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም አድርጌ እተወዋለሁ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ሳህን 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከወራት በኋላ መልሼ አስረዋለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ዘጠኝ ጅምር ሳህኖች ተራ ይጠብቃሉ። የቤት ሰዎች «መቼ ነው የሚያልቁት?» ማለቱን ትተውታል።

እሷም ጉድለት አላት። ዝቅተኛ ፍጥነቷ በደቂቃ 500 ዙር ነው። ሚዛኑን ላልጠበቀ ትልቅ ጉማጅ ይሄ ብዙ ነው፤ ጠረጴዛው ይጨፍራል። ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት ጫንኩበትና ቀነሰ። የመሮ ማሳረፊያው ብረትም ለስላሳ ስለሆነ እየተጫረ መሮውን ያንቀረፍፋል፤ አልፎ አልፎ በሞረድ አስተካክለዋለሁ። የሞተሩን ዙር የሚያስተላልፈው ቺንጋ ደህና ነው። ያማሁት ኩሽኔታም እስካሁን ድምፁ አልተሰማም።

አንድ ነገር፦ ጓንት አታድርጉ። የሚዞረው እንጨት ጨርቁን ከያዘው እጃችሁንም ይዞ ነው የሚዞረው። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ደቃቁ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው።

ዛሬ ብገዛ ያችኑ እገዛለሁ፣ ሞላውን ግን አስቀድሜ። ያልተገራልኝ ስለቱ አግድም የተቆረጠው ሰያፉ መሮ ነው። ትናንት እንኳ ሊያልቅ አንድ ጣት የቀረውን የበርጩማ እግር ከላይ እስከ ታች ቦጨቀብኝ።