ተጠንቀቁ፦ «ነጻ» ያሉኝ ዶሜይን የእነሱ ሆኖ ተገኘ

ያልተገደበ ቦታ፣ ነጻ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ)፣ 24 ሰዓት የማይቋረጥ ድጋፍ። እንዲህ ያሉትን የሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ) ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለማመን ያስቸግራል፣ ገጹ ላይ ወደ ዜሮ የሚቆጥር ሰዓት አለ፣ የእድሳቱ ዋጋ ደግሞ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እሱንም አንብቤ ነው የገባሁት። ዓመቱ ሲያልቅ ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ ብዬ ስለነበር ስለ ዋጋው አላማርርም። ያናደደኝ ልወጣ ስል የገጠመኝ ነው። የሆነው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ንዴቴም ገና አልበረደም።

የቅጂ መብታቸው ጊዜ ያለፈ መጻሕፍትን በኢፐብ (በኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) አዘጋጅቼ የማካፍልበት ትንሽ ገጽ አለኝ። የማደራጃቸው ካሊበር በሚባል የኢ-መጽሐፍ ፕሮግራም ነው፤ ኢ-ሪደር (የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ) ያለው ሰው ኮምፒውተር ሳይነካ ኦፒዲኤስ በሚባለው የመጻሕፍት ዝርዝር፣ ማለትም በካታሎጉ በኩል በቀጥታ ያወርዳቸዋል። መጀመሪያ የመጣልኝ «ገደብዎን አልፈዋል» የሚል ኢሜይል ነበር። ያልተገደበ ተብሎ ገደብ ከየት መጣ? ከአይኖድ። ጊጋባይቱን ትተው የፋይሉንና የፎልደሩን ብዛት ነው የሚቆጥሩት። ካሊበር ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ፎልደር ይከፍትና ኢፐቡን፣ የሽፋኑን ምስልና መግለጫውን የያዘ የኦፒኤፍ ፋይል እዚያ ያስቀምጣል። አንድ መጽሐፍ ብላችሁ የጫናችሁት አራት ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ኢሜይላችሁም እዚያው ከሆነ እያንዳንዱ መልእክት አንድ ፋይል ነው። ቦታው ሩቡ እንኳ ሳይሞላ ቁጥሩ ይሞላል። ከቁጥሩ ላለፈ ደንበኛ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እንደማይወስዱም ውላቸው ውስጥ ሸጉጠውታል፤ ለካ ለወራት ያለ ባክአፕ ነበርኩ። (ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ለማንም በነጻ የሚሰጠውን የድረ ገጽ ደህንነት ሰርተፊኬት «የደህንነት ጥቅል» ብለው በገንዘብ ይሸጣሉ። የቤቱን ጠባይ ለማወቅ ይሄ ብቻ ይበቃል።)

እሺ፣ ልሂድ አልኩ። መጻሕፍቱ ኮምፒውተሬ ላይ ስላሉ አላሳሰቡኝም፤ የቀረኝ የዶሜይኑ ማዛወሪያ ኮድ ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ የደቂቃዎች ሥራ ነው፦ መቆለፊያውን ታነሳላችሁ፣ ኮዱን ትወስዳላችሁ፣ ለአዲሱ ሬጂስትራር (ዶሜይን መዝጋቢ) ትሰጣላችሁ። የእኔ አካውንት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጭራሽ የለም። ቻት ከፈትኩ።

የድጋፍ ሠራተኛው ለምን እንደምለቅ በፈገግታ ምልክት አጅቦ ጠየቀኝ። ምክንያቱን ትቶ ኮዱን እንዲሰጠኝ ነገርኩት። ትንሽ ቆየና ኮድ ላከልኝ፤ የቅናሽ ኮድ! አልፈልግም አልኩ። የዶሜይን ስሞችን በሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በአይካን ደንብ መሠረት የዶሜይኑ ባለቤት ኮዱን ከጠየቀ በ5 ቀን ውስጥ ሊሰጠው እንደሚገባም ጻፍኩለት። መልሱ ይኸውላችሁ፦

«ልክ ነዎት፣ ለባለቤቱ ይሰጣል። ባለቤቱ ግን እርስዎ አይደሉም።»

የቀለደ መሰለኝ። የአይካንን መፈለጊያ ገጽ ከፍቼ ዶሜይኔን አስገባሁ። ባለቤት በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የኩባንያው ስም ነው። የእኔ ስምም ኢሜይልም የትም የለም። ነጻ ያሉኝን ዶሜይን በራሳቸው ስም አስመዝግበው ለእኔ ሲያከራዩኝ ኖረዋል!

«ይህ የግል መረጃዎን ለመጠበቅ ነው» አለኝ። መረጃ የሚሸፍን አገልግሎት እንዳለ አውቃለሁ፤ ደንበኛው አንሱልኝ ሲል ይነሳና ስሙ ይወጣል። አንሱልኝ አልኩ። «በእርስዎ ጥቅል ውስጥ ይህ አማራጭ የለም።» ቀጥሎ የ«መልቀቂያ ክፍያ» እንዳለ ነገረኝ፤ ከሙሉ ዓመት ሆስቲንግ ይበልጣል። ባልከፍልስ? «ዶሜይኑ ከእኛ ጋር ይቆያል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» እየጻፍኩ ሳለሁ ቻቱ ተዘጋ፣ «አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑ» የሚል ሳጥንም ብቅ አለ።

እርስዎ፣ እርስዎ እያለ ነው የነጠቀኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሚመልሰው እንጃ፣ መልሱ ግን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መሆኑ ያስታውቃል።

ጊዜው እስኪያልፍበት ጠብቀህ ራስህ አስመዝግበው የሚለኝ አይጠፋም። ያልታደሰ ዶሜይን ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የሚያድሰው ማን ሆነና! እነሱ በየዓመቱ እያደሱ እስከፈለጉ ድረስ መያዝ ይችላሉ። አዲስ አድራሻ ብከፍትም ከድሮው ወደ አዲሱ ማስተላለፍ አልችልም፤ ቅንብሩ ያለው በእነሱ እጅ ነው። ስንት ሰው ኢ-ሪደሩ ላይ ያስቀመጠው አድራሻ እንዲሁ ቀረ።

ዶሜይንና ሆስቲንግ ከአንድ ቤት አትግዙ። የገዛችሁም ካላችሁ ዛሬውኑ የአይካን ገጽ ላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እዩ።

የእኔን ካታሎግ ኢ-ሪደራችሁ ላይ ያስገባችሁ ደግሞ አጥፉት። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ አድራሻ ለሚመጣላችሁ ፋይል ኃላፊነት አልወስድም። አዲሱን በራሴ ስም ሳስመዘግብ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።