ስድስት እጀታ፣ አንድ ቆርቆሮ ማጽጃ

እጀታ ልወለውል ብዬ ጀምሬ ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል ብሎ ማን ነገረኝ።

እናታችን ካረፈች በኋላ ቡፌው ለእኔ ደረሰኝ። አባቴ አሥመራ ወታደር ሳለ ያሠራው ነው። ደሴ የገባው እኔ ሳልወለድ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ነው። ላይኛው ክፍል ባለመስታወት፣ መሃሉ ሦስት መሳቢያ፣ ታችኛው አራት በር። ልጆች ሳለን መሳቢያውን ያለፈቃድ መክፈት አይታሰብም፤ ስኳሩ እዚያ ነበራ። እጀታዎቹ ናስ ናቸው። ነሐስ የሚሉትም አሉ፣ እኛ ቤት ግን ናስ ነው የሚባለው። በየመሳቢያው ሁለት፣ በድምሩ ስድስት። እያንዳንዱ ግራና ቀኙ ላይ ትንሽ አበባ ተቀርጾበታል።

ቡፌው ሆጤ፣ እኔ ቤት ሲገባ ግን አበባ የሚባል ነገር አይታይም። እጀታዎቹ ጠቁረዋል። ልጄ "ብረት ነው እንዴ?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ከለበሰ እንኳን ናስ፣ የተሰጣ ልብስም አይደርቅ። የእናቴ ሳሎን ደግሞ በቀን ሦስቴ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የማይጠፋበት ሳሎን ነበር። የሃምሳ ዓመት ጭስ ነው እጀታው ላይ የተጋገረው።

ብራሶ የሚባለውን የናስ ማጽጃ ፍለጋ ፒያሳ ወረድኩና አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባሁ።

"ብራሶ አለ?"

"አለ ማዘር።"

ልጁ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ አውርዶ ሰጠኝ። ብራሶ አይደለም። ብራሶን እኔ አላጣውም። አባቴ ቅዳሜ ማታ የቀበቶውን ዘለበትና የደንብ ልብሱን ቁልፎች የሚወለውለው በእሱ ነበር። ካርቶን ቀዶ መሃሉን ይሰነጥቅና ከቁልፉ ሥር ያስገባል፤ ጨርቁን ቆሻሻው እንዳይነካው። ያንን ቆርቆሮ በሽታው ብቻ እለየዋለሁ።

"ይሄ ብራሶ አይደለም እኮ" አልኩት።

"ያው ነው ማዘር። ሁሉም ብራሶ ነው የሚባለው።"

ማዘር ማለቱን ይቅር ብዬ 480 ብር ከፍዬ ወጣሁ። 200 ሚሊ ሊትር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እንዲህ ዓይነቱ በየመደብሩ አለ፣ ጠባዩም ተመሳሳይ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው። አሞኒያው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ድቡልቡሉ ቆርቆሮ ሥር ደቃቅ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ካልናጣችሁት የምታፈሱት ውሃውን ብቻ ነው። መስኮት ሳትከፍቱ እንዳትጀምሩ።

የዚያን ዕለት ማታ ይህን ግምገማ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ከአምስት አንድ ነበር የምሰጠው። እጀታው ቡፌው ላይ እንዳለ ቀባሁት። ግማሽ ሰዓት አሸሁ። ጨርቁ ቡናማ ሆነ፣ እጀታው ግን እንደጠቆረ ነው። ይባስ ብሎ ፈሳሹ እጀታው ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ገብቶ ደረቀና ነጭ ሆኖ ቀረ። ያንን ነጭ በጥርስ መጎርጎሪያ እየለቀምኩ ነው የመሸብኝ።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ደወልኩለት። ሳቀ። "እታለም፣ አንቺ ናሱን መች ነካሽው? የቡና ጭስ ነው ስትወለውይ የነበረው። መጀመሪያ ንቀይው" አለኝ።

ነቀልኩት። ካቻቪቴው የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚይዝ መሆን አለበት፤ የድሮ የናስ ብሎን ለስላሳ ነው። አንዱን በቀጭን ካቻቪቴ ታግዬ ጭንቅላቱን በላሁት። ከዚያ ወዲህ ተምሬ ሰፊውን ተዋስኩ። ደግሞ በየእጀታው ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ጽፋችሁ ለጥፉ። በእጅ የተሠራ ዕቃ ነው፤ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው አይገጥምም።

ቀጥሎ ማግኔት። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ አወጣሁ። ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም። ስድስቱም እጀታ ማግኔቱን ንቀውት ቀሩ። የበሮቹ ማጠፊያዎች ግን ጥብቅ አድርገው ያዙት! ውስጣቸው ብረት ነው፤ ናሱ ከላይ በስሱ የተለበጠ ቆዳ ነው። እነሱን በማጽጃ ብፈገፍጋቸው ቆዳው ተልጦ ብረቱ ይወጣ ነበር። በሳሙና አብሼ ተውኳቸው። ይህን ነገር ቆርቆሮው ላይ የጻፈ የለም፤ መጻፍ ነበረበት።

እጀታዎቹን ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸሁ። የመጀመሪያው ውሃ አቦል መስሎ ወጣ። ቀየርኩት፤ ሁለተኛው ቶና። ሦስተኛው በረካ ሲሆን አቆምኩ። የእናቴን ቡና እንደገና የጠጣሁት መሰለኝ።

አሁን ሎሚ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሎሚውን ለሁለት ቆርጣችሁ ፊቱን ጨው ላይ ጫን አድርጉት። ከዚያ እጀታውን እሹት፤ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ጭማቂው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቀጥሎ ከአውራ ጣታችሁ ሥር፣ ልክ የተጫናችሁበት ቦታ ላይ፣ ቢጫ ነገር ብቅ ይላል። ጠርዙ ላይ ይጀምርና ወደ መሃል ይሄዳል። አበባው አምስት ቅጠል እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የከፈትኩት መሳቢያ!

ወንድሜ እንደሚለው ጥቁሩ ነገር መዳቡ ከአየር ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ሽፋን ነው። የሎሚው አሲድ ያሟሟዋል፣ ጨው ያግዘዋል። ግን ጨርሳችሁ በደንብ አለቅልቃችሁ ወዲያው ካላደረቃችሁት በማግስቱ ተመልሶ ይጠቁራል። አንዱን እርጥብ ትቼው አይቻለሁ።

ሌላም አይቻለሁ። አራተኛውን እጀታ "ሎሚ ለምን እጨርሳለሁ" ብዬ አቼቶ ውስጥ ከትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳወጣው ሮዝ ሆኗል። ቀልዴን አይደለም፣ እንደ አዲስ መዳብ ሽቦ ሮዝ! ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት። "ዚንኩን አሟጠጥሽው፣ መዳቡ ቀረልሽ" ብሎ መለሰ። አሲድ ውስጥ ሲያድር ዚንኩ ቀድሞ ይወጣል ማለት ነው። ደግነቱ ጉዳቱ ላይ ላዩን ብቻ ነበር። ለአሲድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሌሊት አትስጡት።

ያ የተናደድኩበት ቆርቆሮ ሥራውን ያሳየኝ እዚህ ላይ ነው። ሮዙን እጀታ በእሱ አሸሁት። በንጹሕ ናስ ላይ ሲውል ጨርቁ ወዲያው ጥቁር ይሆናል፤ ቡናማ ሳይሆን ጥቁር። ጨርቁ ካልጠቆረ ወይ ቆሻሻ ነው የምታሹት፣ ወይ ናሱ ላይ ቫርኒሽ አለ። አራቱ የበር መያዣዎች እንዲያ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቫርኒሽ ቀብቷቸዋል። ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ ቀቀልኳቸውና ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። የቀቀልኩበትን አሮጌ ድስት ለወጥ አልመለስኩትም።

ሮዙ ሰዓት ያህል ፈጅቶ ለቀቀ። ሌሎቹ እጀታዎች፣ በሎሚ የጸዱት፣ እያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ አልፈጁም። ጠብታ ፈሳሽ በአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ፣ ማሸት፣ ነጣ ብሎ እስኪደርቅ መተው፣ በሌላ ንጹሕ ቁራጭ መወልወል። በቃ። ሎሚ ያጸዳል እንጂ አያንጸባርቅም፤ ድብዝዝ ያለ ቢጫ ነው የሚተወው። ቆርቆሮው ያንጸባርቃል እንጂ የቆየ ቆሻሻ አያነሳም። እኔ ያኮረፍኩት የሎሚውን ሥራ ከቆርቆሮው ስጠብቅ ነበር።

ሲያልቅ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ወንድሜ ለዚህ ታሪክ አለው። የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ሳለ በዝናቡ ወራት የጥይት ቀለሃዎቹ እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር አሉ። ቀለሃም ናስ ነው። ኋላ ሲጣራ ጥፋተኛው ከፈረስ ጋጣ የሚወጣው አሞኒያ ሆኖ ተገኘ። እጀታዬ ቀለሃ ባይሆንም፣ ከዚያ ወዲያ ፈሳሹን በየስንጥቁ ትቼ አላድርም።

ስለ ስድስተኛው እጀታ ደግሞ ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የእናቴ ቤት ሲበረበር ታችኛው መሳቢያ ተቆልፎ ነበር። በእጀታው ጎትተው ሊገነጥሉት ሞክረዋል መሰለኝ፣ ተጣሟል። ውስጡ የነበረው የክር ኳስና የልጆች ሪፖርት ካርድ ነው። እሱን እንዲያቃናልኝ ለአንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ ሰጠሁት። የት እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ጨዋ ነው፣ አቃንቶልኛል፣ አላስከፈለኝም ማለት ይቻላል። ችግሩ ጨዋነቱ በዛ። ሳልጠይቀው "እናቴ፣ አብርቼልሻለሁ" ብሎ ሰጠኝ። በግራይንደር ነው ያበራው። አበባው የለም። ግራውም ቀኙም ልሙጥ። ያበራል፣ ያውም እንደ ማንኪያ። አመስግኜው ወጥቼ በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ በመንገድ ሙሉ በጣቴ አበባውን እፈልግ ነበር። ለአሮጌ ናስ ማሽን አታስነኩ። ዕቃ ለማስተካከል ስትሰጡም "ሌላ ምንም እንዳትነካው" በሉ፣ ሁለቴ በሉ።

ስንት ያብራ የሚለው ላይ ከእህቴ ጋር አልተስማማንም። እሷ የሠርግ አዳራሽ እንዲመስል ትፈልጋለች። እኔ በአበባው ቅጠሎች መሃል ያለውን ጥቁር ሆን ብዬ ተውኩት። ጥቁሩ ነው ቅርጹን የሚያወጣው፤ ሁሉንም ብትፈገፍጉት አበባው ከሩቅ አይታይም። ቡፌው የእኔ ስለሆነ እኔ አሸነፍኩ።

መጨረሻ ላይ ሰም። ሰኞ ገበያ ከማር ሻጮቹ አንድ እፍኝ የማይሞላ ገዛሁ። እጀታዎቹን ጸሐይ ላይ አሞቅኋቸው፤ ጸሐይ ስትጠፋ በልጄ የፀጉር ማድረቂያ። ሲሞቁ ሰሙን በስሱ አስነካሁና በጨርቅ አሸሁት። እጅ ላይ መጣበቅ የለበትም፤ ከተጣበቀ በዝቷል። ለሙከራ 2 ቁጥርን ያለ ሰም ተውኩት። ይኸው አንድ ክረምት አለፈ። 2 ቁጥር የጣት አሻራ የታተመበት፣ የደበዘዘ ሆኗል። ሌሎቹ ሞቅ ያለ ቢጫቸውን እንደያዙ ናቸው።

ታዲያ ቆርቆሮው ይገዛ ወይ? እጀታችሁ ሁለት ወይ ሦስት ከሆነ አትግዙ። ሎሚ፣ ጨውና ሰም ይበቃችኋል። እንደ እኔ ቡፌ ሙሉ ካላችሁ ግዙት፤ ቁጥሩን ከአንድ ወደ አራት አንስቼለታለሁ። አምስተኛዋን የከለከልኩት ለሽታው ነው፤ ሁለት ቀን ከመጋረጃው አልወጣም። የተለበጠ ነገር ላይ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ እንዳትጠቀሙ።

አንድ ቆርቆሮ ስንት እጀታ ይወለውላል የሚል ካለ፣ እኔ ግማሹን እንኳ አልተጠቀምኩም። የቀረውን ወንድሜ ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ "ለትምህርት ቤቱ ደወል" ብሎ የሐረጎን ቁልቁለት ይዞት ወርዷል። ቆርቆሮውን መልስልኝ ብዬዋለሁ። እንደማይመልሰው አውቃለሁ።