አባዬን ላከበረልኝ ሹፌር

ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ከአገር ቤት ወላጅ የሚመጣላችሁ ካለ ይቺን አንብቡልኝ።

አባዬ ዕድሜውን አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው የጨረሰው። "ጀርመን ከመጣሁ አይቀር ብረት የሚቀልጥበትን አሳዪኝ" አለኝ። መጀመሪያ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ ሄድን። ስሙን አልጠራም፣ ብቻ አንጀቴን አሳርረውኛል። ጉልበቱን እያመመው የሚያዘግም ሽማግሌ "ቶሎ በሉ" ይባላል? አንድ ግንብ በር ላይ ፎቶ አስነሱንና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ከተቱን። ሱቁ ውስጥ የቆየነው ከግንቡ ይበልጣል! መግቢያውንም ለብቻ አስከፈሉን።

ከዚያ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ይህን ሐበሻ ሹፌር ጠቆመችኝ። እግዜር ይስጣት።

ራይን ወንዝ ዳር ወዳለው ራይንፌልስ ፍርስራሽ ሲወስደን ዳገቱን በመኪና አወጣን። በፈረንጆቹ 1245 የተጀመረ ግንብ ነው። በ1797 የፈረንሳይ ጦር አፈራረሰው። ድንጋዩ ኋላ ለሌላ ምሽግ ተወሰደ ሲለን አባዬ "እኛም ሰፈር አጥር እንዲሁ ነው የሚያልቀው" ብሎ ሳቀ።

ዋናው ግን ፎልክሊንገን ነው። በ1873 የተቋቋመ፣ በ1986 ማቅለጥ ያቆመ፣ በ1994 ዩኔስኮ የመዘገበው የብረት ፋብሪካ። ስድስት ግዙፍ ምድጃዎች ተደርድረው ቆመዋል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን በግዳጅ ተግዘው እዚያ ስለሠሩት ሰዎችም ሳይሸሽግ ነገረን። ወደ ምድጃው አየር የሚነፉት ማሽኖች ያሉበት አዳራሽ ስንገባ ብዙ አስረዳን፣ እኔ ግን ምንም አልገባኝም። አባዬ ያንን የሚያህል የብረት መዘውር ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ወሬውን አቋረጠና "ጋሼ፣ ይሄን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይንገሩን" አለው።

አባዬ ተናገረ! ስለ ቅባቱ፣ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ሌሊት ተረኛ ጓደኞቹ፣ ጆሮው ስለደከመበት ዘመን። ለእኔ ለልጁ አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም። ሹፌሩ ከመኪናው ይዞት የገባውን ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ አስቀመጠው፣ እሱ እግሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሰማው። አንዴም ሰዓቱን አላየም። እናቱ ትባረክ!

ዋጋው ለሦስት ለአራት ሆናችሁ ስትካፈሉት ከአውቶቡሱ ብዙም አይርቅም። በእውነት ያዙት፣ አትቆጩም። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ በሉኝ። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይያዛል፣ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። ፎልክሊንገን ደረጃው ብዙ ነውና ለወላጆቻችሁ ምቹ ጫማ አድርጉላቸው።